የመጀመሪያው «አዎ» ለምን አልበቃም? ላስ ቬጋስ ለምትኖረው ጠያቂዬ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፤ ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«ጋሼ፣ የምኖረው ላስ ቬጋስ ነው። ዜግነት አግኝቼ ለመጀመሪያ ጊዜ የመረጥኩት በ2024 ነበር። ስለ ፅንስ ማቋረጥ የቀረበው ጥያቄ ላይም ድምፅ ሰጥቻለሁ። አለፈ ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አሁን ደግሞ በ2026 ያው ጥያቄ ተመልሶ ይመጣል ይላሉ። ድምፄ ተጣለ ማለት ነው? ፍሎሪዳ ያለችው እህቴ ደግሞ እነሱ ጋ አብዛኛው ሰው ደግፎት ወደቀ ትላለች። ሕዝብ ከወሰነ እንዴት ይወድቃል? ካለፈስ በኋላ ማን ሊሽረው ይችላል? እናቴም ዘንድሮ ትመርጣለች፤ እንግሊዝኛ ግን አታነብም።»

እህቴ፣ ድምፅሽ አልተጣለም። ተቆጥሯል። ጉዳዩ ግን ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነው።

ኔቫዳ ውስጥ ዜጎች ፊርማ አሰባስበው የስቴቱን ሕገ መንግሥት ለማሻሻል ሲነሱ፣ ሕዝቡ በሁለት ተከታታይ ጠቅላላ ምርጫዎች «አዎ» ማለት አለበት። አንዴ አይበቃም። አንቺ የመረጥሽበት ጥያቄ ቁጥር 6 በ2024 ወደ 64 ከመቶ አግኝቶ አለፈ። ያ የመጀመሪያው ዙር ነው። ሁለተኛው ኖቬምበር 3 ቀን 2026 ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልሽ፤ የምርጫ ወረቀቱም የሚመጣልሽ በዚያው ነው።

ወደ ዝርዝሩ ሳልገባ ስለ ራሴ አንድ ነገር ልበል። ሥራዬ የስቴት ሕገ መንግሥቶችንና የሕዝበ ውሳኔ ሕጎችን ማንበብ ነው። እንዲህ ብለሽ ምረጪ አልልሽም። ፅንስ ማቋረጥን በተመለከተ ያለሽ አቋም የኅሊናሽና የእምነትሽ ጉዳይ ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። አንዲት እናት ከምርጫ ጣቢያ ወጥታ መኪናዋ ውስጥ ሆና ደውላልኝ ነበር። «አዎ» ላይ ምልክት አድርጋ ወጣች፣ ቤቷ ሄዳ ሳይሆን እዚያው መኪና ማቆሚያው ላይ ከጓደኛዋ ጋር ስታወራ ነው የፈለገችው «አይ» እንደነበር የገባት። ስታለቅስ ሰማሁ። ወረቀቱ ማሽን ውስጥ ገብቷል፤ የሚመለስ ነገር የለም። እንዲህ ያለ ነገር ማንም ላይ እንዲደርስ አልፈልግም።

አሁን ወደ ኔቫዳ። ሁለተኛው ዙር የይስሙላ እንዳይመስልሽ። በ2022 የኔቫዳ መራጮች የምርጫውን አሠራር የሚቀይር አንድ ማሻሻያ ቀርቦላቸው ነበር፤ መራጩ ዕጩዎቹን በደረጃ እንዲያስቀምጥ የሚያደርግ ነው። ወደ 53 ከመቶ «አዎ» አለ፣ አለፈ ተባለ። በ2024 ቃሉ ሳይቀየር ተመልሶ ሲመጣ ወደ 53 ከመቶ «አይ» አለና ሞተ። ሁለት ዓመት ብዙ ነገር ይቀይራል። ስለዚህ «ባለፈው መርጫለሁ፣ በቃኝ» ብሎ መቅረት፣ የትኛውም ወገን ቢሆን፣ ያሸነፈውን ነገር ሜዳ ላይ ጥሎ እንደመሄድ ነው።

ደግሞም ደንቡ ሆን ተብሎ በአንድ ወገን ላይ የተጣለ ወጥመድ አይደለም። በ2024 መራጭ መታወቂያ ያሳይ የሚል ሌላ ማሻሻያም በትልቅ ልዩነት አልፏል። እሱም በ2026 ተመልሶ ይመጣል። ሕጉ ለሁሉም አንድ ነው።

እስከዚያው ድረስስ ሕጉ ምንድን ነው? ብዙ ሰው የማያውቀው እዚህ ጋ ነው። ኔቫዳ ፅንስ ማቋረጥን እስከ 24 ሳምንት የሚፈቅድ ሕግ ያላት ከ1973 ጀምሮ ነው። በ1990 የዚህ ሕግ ደጋፊዎች ብልህ ነገር አደረጉ። አዲስ ሕግ አላቀረቡም። ያለውን ሕግ ይዘው ወደ ሕዝብ ሄዱና «ይሄ ይጽና?» ብለው ጠየቁ። 63 ከመቶ ያህሉ ይጽና አለ። በኔቫዳ ሕገ መንግሥት ደግሞ ሕዝብ በድምፁ ያጸናውን ሕግ ካርሰን ሲቲ ያለው ምክር ቤት ሊነካው አይችልም፤ ሊለውጠውም ሊሽረውም የሚችለው ያው ሕዝብ ነው።

ስለዚህ በ2026 «አይ» ቢያሸንፍ በማግስቱ ክልከላ አይመጣም። የ1990ው ውሳኔ ባለበት ይቆያል። «አዎ» ቢያሸንፍ ደግሞ ነገሩ ከሕግ መጽሐፉ ወጥቶ ሕገ መንግሥቱ ውስጥ ይገባል። ፅንሱ ከማህፀን ውጭ በሕይወት መቆየት እስከሚችልበት ጊዜ ድረስ ማቋረጥ መሠረታዊ መብት ይሆናል። ከዚያ በኋላም የእናቲቱን ሕይወት ወይም ጤና ለመጠበቅ ካስፈለገ ይፈቀዳል። ያንን ከሕገ መንግሥቱ ለማውጣት ደግሞ እንደገና ረጅሙን የማሻሻያ መንገድ መሄድ ይጠይቃል። ሁለቱም የማይመክቱት አንድ ነገር አለ፦ ዋሽንግተን ያለው ኮንግረስ አገር አቀፍ ሕግ ቢያወጣ፣ የፌዴራሉ ሕግ ከስቴቱ ሕገ መንግሥት በላይ ነው።

የእህትሽ ጉዳይ። እውነቷን ነው። ፍሎሪዳ በ2024 ማሻሻያ ቁጥር 4 ላይ ወደ 57 ከመቶ የሚሆነው መራጭ «አዎ» ብሎ ወድቋል፣ ምክንያቱም እዚያ ሕገ መንግሥት ለማሻሻል 60 ከመቶ ያስፈልጋል። ከዚያው ዓመት ሜይ 1 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ከስድስት ሳምንት በኋላ የሚከለክለው ሕግ እንዳለ ቀጠለ። በዚያው ቀን ሚዙሪ ውስጥ ተመሳሳይ ጥያቄ 52 ከመቶ እንኳ ሳይሞላ አለፈ፤ እዚያ ከግማሽ በላይ መሆን ብቻ ይበቃል። ኮሎራዶ መሐል ላይ ናት፣ 55 ይጠይቃል፣ 62 ያህል አግኝቶ አልፏል። እንግዲህ 57 ይዞ የወደቀና 52 ሳይሞላ ያለፈ አለ፣ በአንድ አገር፣ በአንድ ማታ።

ፍሎሪዳ ይሄን 60 ከመቶ ከየት አመጣችው ብትይ፣ በሕዝበ ውሳኔ ነው። በ2006 መራጮች ራሳቸው ናቸው ያጸደቁት። ስንት ከመቶ አግኝቶ መሰለሽ? 58 አልሞላም። ደንቡ በራሱ መስፈርት ቢለካ ኖሮ ራሱም ባላለፈ ነበር። ይሄንን ነገር ለሰዎች ስናገር ሁሌም ዝም ይላሉ፤ እኔም መጀመሪያ ሳነበው ደግሜ አይቼዋለሁ።

ኦሃዮ ውስጥ ያሉ ፖለቲከኞች ይሄን በደንብ ያውቁ ነበር። በኖቬምበር 2023 የፅንስ ማቋረጥ ጥያቄ እንደሚመጣ ሲያውቁ፣ በኦገስት ልዩ ምርጫ ጠርተው «ከእንግዲህ ማሻሻያ የሚያልፈው በ60 ከመቶ ይሁን» የሚል ጥያቄ አቀረቡ። ወረቀቱ ላይ ስለ ፅንስ አንዲት ቃል የለም። ኮለምበስ ያሉ የአገር ልጆች ያን ጊዜ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ ትዝ ይለኛል። መራጩ ግን ገባው፣ 57 ከመቶው «አይ» አለ። ሦስት ወር ቆይቶ ዋናው ጥያቄ 57 ከመቶ ገደማ አግኝቶ አለፈ። ኦገስት ላይ ሰው ቤቱ ቀርቶ ቢሆን ያ 57 ወድቆ ነበር።

ይሄ ሁሉ የመጣው ጁን 24 ቀን 2022 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከ1973 ጀምሮ የቆየውን ፌዴራላዊ ጥበቃ ሽሮ ጉዳዩን ለየስቴቱ ስለመለሰ ነው። በዚያው ዓመት ስድስት ስቴቶች ድምፅ ሰጡበት፣ በ2023 ኦሃዮ፣ በ2024 ደግሞ አሥር። በ2022 እና በ2023 በሰባቱም ቦታ የፅንስ ማቋረጥ መብት ደጋፊዎች አሸነፉ። በ2024 ሰባት አሸንፈው በፍሎሪዳ፣ በነብራስካና በሳውዝ ዳኮታ ተሸነፉ። ቁጥሩን የምነግርሽ ማን እንደሚያሸንፍ ለመተንበይ አይደለም፤ ከ2022 በፊት እኮ ቴነሲ፣ አላባማ፣ ዌስት ቨርጂኒያና ሉዊዚያና ሕገ መንግሥታቸው መብቱን እንደማይጠብቅ በሕዝብ ድምፅ አጽፈዋል።

አሁን ልብ ብለሽ አንብቢልኝ፣ ከሁሉም በላይ የምፈልገው ይሄን ነው። ወረቀቱ «ፅንስ ማቋረጥን ትደግፊያለሽ ወይስ ትቃወሚያለሽ?» ብሎ አይጠይቅም። አንድ ጽሑፍ ያስቀምጥና ይሄ ጽሑፍ ሕግ ይሁን ወይስ አይሁን ይላል። «አዎ» ማለት «ጽሑፉ ይግባ» ነው። ጽሑፉ ደግሞ የሚከለክልም ሊሆን ይችላል፣ የሚፈቅድም።

ካንሳስን እዪ። ኦገስት 2 ቀን 2022፣ ከጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔ በኋላ የመጀመሪያው ድምፅ ነበር። እዚያ «አዎ» ማለት የስቴቱ ሕገ መንግሥት የሚጠብቀውን መብት ማንሳት ነበር፤ «አይ» ደግሞ ባለበት ማቆየት። በዋዜማው ለመራጮች ስልክ «ምርጫሽን ለመጠበቅ አዎ በይ» የሚል የተገለበጠ መልእክት ይላክ ነበር። ሰው ግን አጥብቆ አንብቦ ገባና 59 ከመቶው «አይ» አለ። ኬንታኪ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ተመሳሳይ ጥያቄ ቀርቦለት «አይ» አለ። ብዙ ሰው በማግስቱ ክሊኒክ የሚከፈት መስሎት ነበር። አልተከፈተም። «አይ» አዲስ ጽሑፍ እንዳይገባ ይከላከላል እንጂ ያለውን ሕግ አያፈርስም፤ ምክር ቤቱ ቀድሞ ያወጣው ክልከላ ባለበት ቀጠለ።

ሳውዝ ዳኮታ ደግሞ ሦስት ጊዜ «አይ» ብላለች። በ2006 እና በ2008 የቀረቡላትን ክልከላዎች «አይ» አለች። በ2024 መብቱን የሚመልስ ጥያቄ ሲመጣም «አይ»። ነብራስካ ውስጥ በ2024 ሁለት ተቃራኒ ጥያቄዎች በአንድ ወረቀት ላይ ነበሩ፤ አንዱ መብቱን ሕገ መንግሥት ውስጥ የሚያስገባ፣ ሌላው ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በኋላ የሚከለክል። ሁለተኛው አለፈ። ሁለቱም አልፈው ቢሆን ኖሮ ብዙ ድምፅ ያገኘው ይጸና ነበር። ደክሟት ከሥራ የመጣች ሴት ይሄን ቆማ እንድትፈታ ነው የሚጠበቀው።

እኛ አገር ሕዝበ ውሳኔ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስታውሰው የ2019ኙን የሲዳማን ነው። እዚያ ወረቀቱ ላይ ሥዕል ነበር፣ ጎጆ ወይም ሻፌታ (የሲዳማ ባህላዊ የምግብ ዕቃ)። ማንበብ የማይችል አዛውንትም የሚፈልገውን ለይቶ ይመርጣል። እዚህ ሥዕል የለም። ያለው የሕግ ቋንቋ ብቻ ነው፣ ለዚያውም ማን እንደጻፈው የሚወሰን። ኦሃዮ ውስጥ የወረቀቱን ማጠቃለያ ያዘጋጀው የመንግሥት ቦርድ «ፅንስ» የሚለውን የሕክምና ቃል አውጥቶ «ያልተወለደ ልጅ» ብሎ ተክቶታል። ሕገ መንግሥቱ ውስጥ የገባው ግን ፊርማ የተሰበሰበበት ዋናው ጽሑፍ ነው። መራጩ የሚያነበው አንድ፣ የሚጸድቀው ሌላ። ይሄ እኔን ያናድደኛል፣ የየትኛውም ወገን ቦርድ ቢያደርገው ያናድደኛል።

ሚሺጋን ውስጥ የሆነውን ደግሞ ስሚ። በ2022 ከ700 ሺህ በላይ ሰው ፈርሟል። ከዚያ ተቃዋሚዎቹ ወረቀቱን አምጥተው ቃላቱ መካከል ክፍት ቦታ የለም፣ ፊደሎቹ ተጣብቀዋል አሉ። እውነት ነው፣ ሲታተም አንዳንዱ መስመር ተጣብቆ ወጥቶ ነበር። ፊርማውን የሚያጣራው ቦርድ አራት አባላት አሉት፣ ሁለት ሪፐብሊካን፣ ሁለት ዴሞክራት። ሁለት ለሁለት ተለያዩና ጥያቄው ወረቀት ላይ ሳይወጣ ሊቀር ሆነ። በመጨረሻ የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይውጣ ብሎ አዘዘ። ወደ 57 ከመቶ አግኝቶ አለፈ። አርካንሶ ላይ ዕድል አልቀናም፤ በ2024 ተከፍሏቸው ፊርማ የሰበሰቡትን ሰዎች በሚመለከት አንድ ሰነድ በትክክል አልቀረበም ተብሎ ጥያቄው ሳይቀርብ ቀረ።

ሁሉም ቦታ ደግሞ ይሄ ዕድል የለም። ዳላስ ያሉ ዘመዶችሽ ፊርማ እናሰባስብ ቢሉ ቴክሳስ ውስጥ መንገዱ ራሱ የለም፣ አትላንታም እንዲሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉት በ2024 ድምፅ የሰጡት የሜሪላንድ ምክር ቤት ራሱ ጥያቄውን ስላቀረበላቸው ነው፤ ሦስት አራተኛ የሚሆነው «አዎ» ብሏል። የ2022ቱ የፍርድ ቤት ክርክር የተነሳባት ሚሲሲፒ ደግሞ፣ ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ የራሷ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፊርማውን መንገድ ዘግቶባታል። ጉዳዩ ወደ ሕዝብ ተመለሰ ይባላል፣ ክርክሩ የጀመረበት ቦታ ያለው ሕዝብ ግን ጥያቄውን ወረቀቱ ላይ የሚያሰፍርበት መንገድ የለውም።

ማን ይሽረዋል ላልሽው መልሱ ሚዙሪ ናት። በ2024 አለፈ፣ አይደል? በቀጣዩ ዓመት ሜይ ላይ ምክር ቤቱ ያንን ማሻሻያ የሚሽር ሌላ ማሻሻያ አዘጋጅቶ ወደ ሕዝብ እንዲመለስ ወሰነ። ኖቬምበር 2026 ላይ ይቀርባል። እዚያ በ2024 ያለፈውን ይዞ ማቆየት የሚፈልግ ዘንድሮ «አይ» ማለት አለበት፤ ያን ጊዜ «አዎ» ያለው ሰው ማለት ነው። የመጀመሪያው ማጠቃለያ የ2024ቱን እንደሚሽር በግልጽ አይናገርም የሚል ክርክር ተነስቶ ፍርድ ቤት እንዲስተካከል አዟል። በመሐል ደግሞ ሌላ ፍልሚያ ነበር፦ መብቱ ሕገ መንግሥት ውስጥ ገብቶም የድሮዎቹ የፈቃድና የቁጥጥር ሕጎች ይቀጥሉ ወይስ ይቅሩ በሚል በ2025 አገልግሎቱ ተጀመረ፣ ቆመ፣ እንደገና ተጀመረ። ሐኪም ቤት ቀጠሮ የያዘች ሴት ጠዋት የነበረው ማታ የለም። ሕዝብ ከወሰነ በኋላም ሥራው ፍርድ ቤት ውስጥ ይቀጥላል፤ ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ያሉትን የዳኞች ስም ባዶ አትለፊ።

የእናትሽ ነገር። የፌዴራሉ ሕግ በሌላ ቋንቋ ወረቀት እንዲታተም የሚያስገድደው ለስፓኒሽ፣ ለእስያ ቋንቋዎችና ለአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ቋንቋዎች ብቻ ነው። አማርኛ የለበትም። የእናንተ ክላርክ ካውንቲ በስፓኒሽና በታጋሎግ ያቀርባል። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 ባወጣችው የራሷ ሕግ በአማርኛ ታገለግላለች፣ ያ ግን የዲሲ ነው። ሆኖም ማንበብ ወይም መጻፍ የማይችል መራጭ የመረጠውን ረዳት ይዞ እንዲገባ ያው የፌዴራል ሕግ ይፈቅዳል። አሠሪዋና የሠራተኛ ማኅበሯ ተወካይ መሆን አይችሉም፤ ልጇ ግን ትችላለች። ጣቢያው ላይ ማንም «ብቻዋን ትግባ» ቢልሽ ሕጉ ከእናትሽ ጋር ነው፣ በትሕትና ግን ሳታፈገፍጊ ኃላፊውን አስጠሪ።

ኔቫዳ ወረቀቱን በፖስታ ስለሚልክላችሁ ቤት ቁጭ ብላችሁ ብትሞሉት ይሻላል። ቡና አፍልታችሁ ሳትቸኩሉ። ከካውንቲው የሚደርሳችሁን የምርጫ ወረቀቱ ናሙና ያለበትን መጽሔት ከቴሌቪዥኑ ማስታወቂያ በፊት ክፈቱት፤ «አዎ» ቢሉ ምን እንደሚሆን፣ «አይ» ቢሉ ምን እንደሚሆን በየጥያቄው ተጽፏል። አንቺ አንብቢላት፣ ተርጉሚላት፣ ምልክቱን ግን እሷ ታድርግ። ካንቺ የተለየ ብትመርጥም ዝም በይ።

ወረቀቱን ገልብጡት። ጥያቄዎቹ ብዙ ጊዜ ከዕጩዎቹ በኋላ ነው የሚመጡት፣ ከጀርባ። የፊቱን ብቻ ሞልተው የላኩ ስንት አውቃለሁ።

ፊርማዋንም አደራ። ፖስታው ላይ የምትፈርመው ካውንቲው መዝገብ ላይ ካለው ጋር ይመሳከራል። እናቶቻችን መታወቂያና መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው ዲኤምቪ ሲሄዱ በአማርኛ ይፈርማሉ፣ ፖስታው ላይ ደግሞ ልጅ «በእንግሊዝኛ ይሁን» ይልና በፈረንጅ ፊደል ይጽፋሉ። ሁለቱ አይገጥሙም። ካልገጠመ ያሳውቋታል፣ ከምርጫው ቀን በኋላም ለማስተካከል ጥቂት ቀናት አሉ፣ ስለዚህ የማታውቁት ቁጥር ከካውንቲው ቢደውል አንሱ። መታወቂያዋን ከቦርሳዋ አውጪና ፊርማዋን እዪው። በአማርኛ ከሆነ በአማርኛ ትፈርም።